የሌሊት ፈረቃና የደም ስኳር፦ ነርሶች ለምን ይበልጥ ይጋለጣሉ?

ስለ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ሐኪሞች ዛሬ በእርግጠኝነት ከሚነግሩን ነገር ብዙው የተገኘው ከነርሶች ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ 121,700 ሴት ነርሶች በፖስታ የደረሳቸውን የጤና መጠይቅ ሞልተው መለሱ። በ1989 ደግሞ በዕድሜ የሚያንሷቸው ከ116 ሺሕ በላይ ነርሶች የተካተቱበት ሁለተኛ ጥናት ተጀመረ። ተመራማሪዎቹ ነርሶችን የመረጡት ሙያው በራሱ ያሳምማል ብለው ጠርጥረው አልነበረም። ነርስ የሕመሟን ስም አታምታታም፣ ክብደቷንና የምትወስደውን መድኃኒት በትክክል ትጽፋለች፣ በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ ሲላክላትም ሳትሰለች ትመልሳለች ብለው ነው። አልተሳሳቱም።

ከእነዚህ መልሶች ብዙ ነገር ተገኘ። በ2001 የታተመ ትንታኔ 84,941 ነርሶችን ለ16 ዓመት ከተከታተለ በኋላ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከታዩት አዳዲስ የስኳር በሽታ ሕሙማን 91 በመቶው ከአኗኗር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አሳየ፤ ከሁሉም በላይ ገንኖ የወጣው የሰውነት ውፍረት ነበር። በ2003 የወጣው ደግሞ ስለ መቀመጥ ነው፦ በየቀኑ ቴሌቪዥን ፊት የሚጨመር እያንዳንዱ 2 ሰዓት የበሽታውን ዕድል በ14 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በ2004 ተራው የለስላሳ መጠጥ ሆነ። በቀን አንድና ከዚያ በላይ ጣፋጭ ለስላሳ የሚጠጡት ነርሶች በወር አንድ እንኳ ከማይሞሉት ጋር ሲነጻጸሩ ተጋላጭነታቸው በ83 በመቶ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ «ለስላሳ ተዉ፣ ተንቀሳቀሱ» ሲለን የሚጠቅሰው ማስረጃ በአብዛኛው የእነሱ ነው።

ስለ ሌሊት ሥራ ግን የመጀመሪያዎቹ ነርሶች የተጠየቁት ጥናቱ ከተጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው። የምትበላው፣ የምታጨሰው፣ የምትመዝነው ሁሉ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ ስንት ሌሊት ቆማ እንዳደረች የተጠየቀችው ዘግይቶ ነው። ይህ የተመራማሪዎቹ ብቻ ዝንጋታ አይመስለኝም። ስለ ስኳር በሽታ ስናወራ ጥያቄው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሰውየው ሳህን ነው፤ የሥራ ፕሮግራሙ ላይ የሚደርስ ጥቂት ነው።

ቁጥሮቹ ሲነበቡ

በ2011 ይፋ የሆነው ውጤት የሁለቱን ጥናቶች ነርሶች አንድ ላይ አድርጎ ከ177 ሺሕ በላይ ሴቶችን ይዟል። የተጠየቁት ስለ ተዘዋዋሪ የሌሊት ፈረቃ ነበር፤ ይኸውም በወር ቢያንስ 3 ሌሊት ሲሆን በዚያው ወር የቀንና የምሽት ሥራም ይኖራል። ሌሊት ሠርተው ከማያውቁት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት የሠሩት በ20 በመቶ፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት የሠሩት በ40 በመቶ፣ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩት በ58 በመቶ ይበልጥ ለበሽታው የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ዓመቱ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ደረጃ በደረጃ መውጣቱ ነገሩ እንዲያው ግጥምጥሞሽ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ስሌት ነው ክርክር የሚያስነሳው። የነርሶቹ የክብደት ልዩነት ያመጣው ድርሻ ከሒሳቡ ሲወጣ 58 በመቶ የነበረው ወደ 24 በመቶ ወረደ። ከ3 እስከ 9 ዓመት የሠሩት ላይ ደግሞ 20 በመቶው ወደ 6 በመቶ አሽቆለቆለ። አንዳንዱ ይህንን አይቶ «እንግዲህ ነገሩ ውፍረት ነው፣ ሌሊቱ ምንም አላደረገም» ይላል። ይህ አነባበብ አያስኬድም። ክብደቱ ከሌሊቱ ሥራ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ነርሷ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነገር ቢሆን ኖሮ መቀነሱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ሌሊት የሠሩት ሴቶች በዓመታቱ ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ጨምረዋል። ስለዚህ ክብደት ሌሊቱ ወደ ስኳር በሽታ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ነው። እሱን ከሒሳቡ ማውጣት ተከሳሹ ራሱ ከፈጸመው ጥፋት ግማሹን ከመዝገቡ ላይ እንደመፋቅ ነው። ቀሪው 24 በመቶ ደግሞ ክብደቷ ያልጨመረ ነርስም ሙሉ በሙሉ ነጻ እንዳልሆነች ይናገራል።

በ2018 የታተመው ሌላ ትንታኔ ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። 143,410 ነርሶችን ወስዶ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን መዘነ፦ በአንድ በኩል የሌሊት ፈረቃ ዓመታት፣ በሌላ በኩል ማጨስ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ፣ ጥራቱ የወረደ አመጋገብና ከልክ ያለፈ ክብደት። እያንዳንዱ 5 ዓመት ተዘዋዋሪ የሌሊት ሥራ ተጋላጭነቱን በ31 በመቶ ያህል ሲያሳድግ፣ እያንዳንዱ ጎጂ ልማድ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ውጤቱ ለየብቻቸው ተደምረው ከሚሰጡት ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ጥምሩን ተጋላጭነት ሲያከፋፍሉት 17 በመቶውን ለሌሊቱ ሥራ ብቻ፣ 71 በመቶውን ለአኗኗር ብቻ፣ 11 በመቶውን ደግሞ ሁለቱ ተገናኝተው ለፈጠሩት ተጨማሪ ጫና ሰጡት።

ይህ ክፍፍል ለሆስፒታል አስተዳዳሪ ደስ የሚል ቁጥር ነው። 71 በመቶው የነርሷ፣ 17 በመቶው የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሊነበብ ይችላልና። እኔ እንደሚመስለኝ ግን «አኗኗር» በሚለው ከረጢት ውስጥ የገባው ሁሉ የነርሷ ምርጫ አይደለም። ሦስት ሌሊት ተከታትላ አድራ በአራተኛው ቀን የስፖርት ጫማዋን ያላነሳች ነርስ ሰነፍ ተብላ ነው በቁጥሩ ውስጥ የተመዘገበችው። ወጥ ቤቱ በተዘጋበት ሰዓት ብስኩት የበላችውም በአመጋገቧ ነው ነጥብ የተቀነሰባት። በስታቲስቲክስ መስመር የተለያዩት ሁለት ነገሮች በአንድ ሌሊት ውስጥ አይለያዩም።

ሰውነት ሰዓት ይቆጥራል

ለመሆኑ ሌሊት መሥራት ብቻውን ስኳርን እንዴት ከፍ ያደርጋል? አንጎል ውስጥ ያለው ዋና ሰዓት ብርሃንን ተከትሎ ቀንና ሌሊትን ይለያል። ቆሽት፣ ጉበት፣ ጡንቻና ስብ ደግሞ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነዚህ በአብዛኛው የሚከተሉት ምግብ የሚመጣበትን ጊዜ ነው። በጤናማ ቀን ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። ነርሷ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስትበላ ግን የአንጎሏ ሰዓት «ተኚ» እያለ፣ ጉበቷ «ጠዋት ሆነ እንዴ?» ይላል።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ተለክቷል። በ2015 ይፋ በሆነ ሙከራ ጤነኛ ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ጠዋት 2 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሲሰጣቸው፣ ከምግብ በኋላ ያለው የደም ስኳር በምሽቱ በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ቆሽት ሲመሽ ስኳርን ከደም የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚሰጠው በስስት ነው፤ ሌሊት ደም ውስጥ የሚበዛው የእንቅልፍ ሆርሞን ሜላቶኒንም የኢንሱሊኑን መፍሰስ ይገታል፤ በተለይ የተወሰነ የዘር ውርስ ባላቸው ሰዎች ላይ።

ከዚያ ቀደም በ2009 የታተመ ሙከራ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነው። ተሳታፊዎቹ ቀናቸው 28 ሰዓት እንዲሆን ተደርጎ ቀስ በቀስ ከውስጥ ሰዓታቸው ጋር እንዲቃረኑ ተደረገ። ሙሉ በሙሉ በተገለበጡበት ጊዜ ሰውነታቸው 22 በመቶ የበለጠ ኢንሱሊን ቢያመነጭም የደም ስኳራቸው 6 በመቶ ጨመረ። ከ8 ተሳታፊዎች 3ቱ፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበሩ ሰዎች፣ ከምግብ በኋላ የቅድመ ስኳር በሽታ ደረጃ ውስጥ ገቡ። ለዓመታት ሳይሆን ለጥቂት ቀናት ሰዓታቸው ስለተዛባ ነው።

የእንቅልፉ ማነስ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጨምራል። በ1999 የወጣ ጥናት 11 ወጣት ወንዶችን ለ6 ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አድርጎ ስኳርን ከደም የማጽዳት አቅማቸው በ40 በመቶ ገደማ እንደዘገየ አሳይቷል። ሌሊት አድራ ጠዋት የገባች ነርስ መጋረጃ ስባ ብትተኛም እንቅልፏ አጭርና የተቆራረጠ ነው። የበር ደወል አለ፣ ስልክ አለ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የረሃብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ የጥጋቡ ይቀንሳል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው።

አንድ ሌሊት በቅርበት

ነርሷ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ተረከበች እንበል። እራቷን ቤቷ ሳትበላ ነው የወጣችው፤ ከቀን እንቅልፍ ተነስታ ምግብ አላሰኛትም። እስከ 5 ሰዓት ድረስ የመድኃኒት ሰዓት ነው፤ ከአልጋ አልጋ፣ ካኑላ የተዘጋበት፣ ትኩሳት የመጣበት፣ አስታማሚ የሚጠራት። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዋርዱ ጋብ ይላል። የሠራተኛ ክበቡ ተዘግቷል። ነርሶች ክፍል ጠረጴዛ ላይ አመስጋኝ ቤተሰብ ትቶት የሄደው የኬክ ካርቶን፣ የተከፈተ ብስኩት፣ ግማሽ የደረሰ ለስላሳ አለ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ትወስዳለች፤ ቁጭ ብላ ስላልበላች እንደበላች አትቆጥረውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድካሙ ሲበረታ ስኳር የበዛበት ቡና ይመጣል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሕሙማኑን የደም ስኳር ትለካለች፣ ቻርት ላይ ትጽፋለች፣ ታስረክባለች፣ ቤቷ ገብታ ቁርሷን ጠግባ በልታ ትተኛለች።

እዚህ ውስጥ አንድም የተለየ ጥፋት የለም። ሲደመር ግን አብዛኛው ስኳር ሰውነቷ ለመቀበል ዝግጁ ባልሆነበት ሰዓት ገብቷል፤ ትልቁ ምግብ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት ሆኗል። በ2021 የታተመ ሙከራ ይህንኑ ነጥብ ለብቻው አውጥቶ ፈትሾታል። ሰዎች የሌሊት ሥራ በሚመስል ፕሮግራም ውስጥ ገብተው፣ ገሚሶቹ ሌሊትም ሲበሉ ገሚሶቹ ቀን ብቻ በሉ። ሌሊት የበሉት አማካይ የደም ስኳር በ6.4 በመቶ ሲጨምር፣ ቀን ብቻ የበሉት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ተሳታፊዎቹ 19 ብቻ ስለነበሩ ከዚህ ሕግ ማውጣት ይከብዳል። ቢሆንም እስካሁን ካሉት ውጤቶች ለነርሶች የሚጠቅም ተግባራዊ ነገር ያለው ይህ ይመስለኛል፦ ሌሊቱን ማስቀረት ባይቻል እንኳ ዋናውን ምግብ ከሌሊቱ ማውጣት ይቻላል።

«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ»

ይህ ክርክር ነርሶች ዘንድ ሁልጊዜ አለ፤ ሐሰትም አይደለም። በአንድ ፈረቃ ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ይኬዳሉ። ችግሩ የሥራ እርምጃ ከእግር ጉዞ ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። ከአልጋ እስከ መድኃኒት ክፍል ያለው አሥር ሜትር ልብን አያፈጥንም፤ ተቆራርጦ ያልቃል። በላዩ ላይ ሕመምተኛ ማንሳት፣ ለረጅም ጊዜ መቆምና ዕረፍት ማጣት አለበት። በሥራ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ በትርፍ ጊዜ የሚደረገውን ያህል ጤና እንደማይሰጥ የሚያሳዩ ጥናቶች ተደጋግመው ወጥተዋል። በዚያው በ2003ቱ የነርሶች ትንታኔ፣ በቀን 1 ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ የስኳር በሽታን ዕድል በ34 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዟል። ከፈረቃ በኋላ እግሩ ላበጠ ሰው ይህ ምክር ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩን ለነርሷ ብቻ ከመንገር ይልቅ ለፕሮግራም አውጪውም መንገር ይሻላል።

እንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ከነርሶች መካከል ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 25 በመቶ፣ ከሌሎች የጤና ባለሙያዎች ደግሞ 14 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አግኝቷል። ሁለቱም ወገን ስለ ካሎሪ ያውቃል። ልዩነቱ የዕውቀት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሰፋም ነበር።

የመንፈስ ጫናውም መታለፍ የለበትም። ብዙ ሥራ ኖሮ የመወሰን ሥልጣን ሲያንስ፣ ተመራማሪዎች የሥራ ውጥረት የሚሉት ነገር ይፈጠራል፤ ከ124 ሺሕ በላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ያካተተ የ2014 ትንታኔ ይህ ውጥረት ተጋላጭነቱን በ15 በመቶ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። የውጥረት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ሲጨምር ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ስብ ወደ ሆድ ይሰበሰባል። ከባድ የሥነ ልቦና ጠባሳ ያለባቸው ነርሶች ላይ ደግሞ በ2015 የወጣው ውጤት የበሽታው ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ ያመለክታል።

ከሥራው ውጪ ያለው

ከሆስፒታል ጋር ዝምድና የሌላቸው አጋላጭ ምክንያቶች ነርስንም አይምሩም። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የደም ግፊት፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (የእንቁልጢን የሆርሞን መዛባት) አሉ። ሙያው በአብዛኛው የሴቶች ስለሆነ የእርግዝና ስኳር የተለየ ትኩረት ይገባዋል። በእርግዝና ወቅት ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረች ሴት ከወለደች በኋላ ቢስተካከልላትም፣ ወደፊት ዓይነት 2 የመያዝ ዕድሏ እንዲህ ካላጋጠማት ሴት ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። ይህች ነርስ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ በቀጥታ ሌሊት ላይ ስትመደብ የማንም ዓይን አይቀላም፤ መረጃው በወሊድ ካርዷ ላይ እንጂ በሥራ ድልድሉ ላይ የለም።

ወንድ ነርሶች ከእነዚያ ትላልቅ ጥናቶች ውጪ ናቸው። በልዩ ልዩ ሙያ ያሉ የፈረቃ ሠራተኞችን ያካተቱ 12 ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2015 ትንታኔ ግን በጠቅላላው 9 በመቶ፣ በወንዶች ላይ ለብቻው 37 በመቶ ጭማሪ አግኝቷል። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፦ የአሜሪካዎቹ ነርሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ገና ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያቸው (ቢኤምአይ) 23 ሲሆን ለስኳር በሽታ መመርመር እንዲጀምሩ ይመከራል፤ ለሌላው የሚጠቀሰው 25 ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ቆሞ «ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም። ቦርጭ ከሚዛን ይልቅ ይናገራል፤ የሴት ወገብ 80 ሴንቲ ሜትር፣ የወንድ 94 ሲያልፍ አደጋው መጨመር ይጀምራል።

ምልክቱ ለምን ይደበቃል

በዓለም ላይ የስኳር በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች ከ10ሩ 4ቱ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ነርሶች ከዚህ የተሻሉ ይሆናሉ ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ መሣሪያው በእጃቸው ነውና። ነገር ግን የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች ምን እንደሆኑ እንይ፦ ድካም፣ ውሃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ የዓይን ብዥታ። ሌሊት ያደረች ነርስ ይደክማታል። ውሃ የምትጠጣው ፈረቃዋ ሲያልቅ ስለሆነ ይጠማታል። ሽንቷን 8 ሰዓት ይዛ የቆየች ሰው ቤቷ ስትገባ ደጋግማ ብትሄድ አይገርማትም። ዓይኗም ቢደበዝዝ እንቅልፍ ነው ትላለች። ለእያንዳንዱ ምልክት ዝግጁ የሆነ ሰበብ አለ።

ሌላው መደበቂያ ራሱ የዋርዱ ግሉኮሜትር ነው። ነርሷ የሕሙማንን ስትለካ የራሷንም ጣት ወጋ ታደርጋለች፤ 130 ይወጣል፤ «ደህና ነኝ» ብላ ታልፋለች። ይህ ቁጥር ብዙም የሚለው ነገር የለም። በማንኛውም ሰዓት የተለካ ስኳር ለብቻው በሽታ የሚባለው 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስና ምልክቱም ሲኖር ነው፤ ከዚያ በታች መሆኑ ግን ነጻ አያወጣም። የጣት መለኪያው ራሱ ከእውነተኛው መጠን እስከ 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊል ይፈቀድለታል። ለክትትል እንጂ ለምርመራ አልተሠራም።

በባዶ ሆድ የሚደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ የተሻለ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው፣ ከ100 እስከ 125 ደግሞ በአሜሪካው መለኪያ ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል። ለሌሊት ሠራተኛ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ምርመራው ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ አለመቅመስን ይጠይቃል። ነርሷ ጠዋት ከፈረቃ ወጥታ ደም ስትሰጥ ያ የሌሊቱ ብስኩትና ቡና ካለ ባዶ ሆድ የሚባል ነገር የለም። ባትበላም እንኳ ያልተኛ ሰውነት ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ በዕረፍት ቀን፣ ሌሊት ተኝታ ካደረች በኋላ መስጠቱ ይመረጣል።

ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ጾም አይጠይቅም፣ በየትኛውም ሰዓት ይሰጣል፤ ለፈረቃ ሠራተኛ የተፈጠረ ይመስላል። 6.5 በመቶ ሲደርስ በሽታ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው። እሱም ደካማ ጎን አለው፦ የብረት እጥረት የደም ማነስ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው፣ ቀይ የደም ሴል ያለጊዜው የሚያፈርስ ሕመም ወይም በቅርቡ የፈሰሰ ብዙ ደም ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የወር አበባዋ የሚበዛ ወይም በቅርቡ የወለደች ነርስ ይህንን ለሐኪሟ ሳትነግር ውጤቱን ብቻዋን ባታነብ ይሻላል።

ማን ምን ሊያደርግ ይችላል

ቅድመ ስኳር በሽታ ላይ የደረሰ ሰው ወደ ኋላ የመመለስ ዕድል እንዳለው የታወቀው ቆይቷል። በ2002 ውጤቱ የታተመው፣ 3,234 ሰዎች የተካተቱበት የአሜሪካ ሙከራ ከክብደት 7 በመቶ ያህል መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ የበሽታውን መምጣት በ58 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን የተሰጣቸው ላይ ቅነሳው 31 በመቶ ነበር። እዚያ ሙከራ ውስጥ ግን ሰዎቹ በየጊዜው የሚያገኙት አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ወረቀት ተሰጥቷቸው አልተሸኙም።

ሆስፒታሉ በበኩሉ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ውድ አይደለም። ፈረቃው ከቀን ወደ ምሽት፣ ከምሽት ወደ ሌሊት ወደፊት ቢዞር ሰውነት በቀላሉ ይከተለዋል፤ የውስጥ ሰዓታችን ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም ማዘግየት ከማስቀደም ይቀለዋል። ተከታታይ ሌሊቶች ባይበዙ፣ በሁለት ፈረቃዎች መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ዕረፍት ቢኖር (የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚያስገድደው ይህንን ነው)፣ ሌሊት ከማሽን ከሚወጣ ጣፋጭ ሌላ የሚበላ ነገር ቢገኝ፣ ቁጭ ተብሎ የሚበላበት 30 ደቂቃም ቢከበር። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ዋርዱን የሚረከብ ሌላ ሰው ከሌለ ዕረፍቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የነርሶች ስኳር ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የነርሶች ቁጥር ጉዳይ ይሆናል።

ነርሷ በራሷ ልታደርግ የምትችለው ደግሞ ከላይ ካየነው ሙከራ የሚወጣ ነው። ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባቷ በፊት መብላት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከራባት እንደ እንቁላል፣ እርጎ ወይም ለውዝ ያለ ጥቂት ነገር መቅመስ፤ ለስላሳውን በውሃ መተካት፤ ከመተኛቷ በፊት ቀለል ያለ ነገር መብላት። ቡናን ከፈረቃው የመጀመሪያ ግማሽ በኋላ መጠጣት ደግሞ የቀኑን እንቅልፍ ይነጥቃል።

ምርመራውን በተመለከተ ዓለም አቀፍ መሠረት አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1990 ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171፣ የሌሊት ሠራተኛ ሲጠይቅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በየጊዜው ያለክፍያ የጤና ምርመራ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ስምምነቱን ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ቢሆኑም የትኛውም ሆስፒታል ያንን ለመፈጸም ላቦራቶሪ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

በሽታው አስቀድሞ የያዛት ነርስ ጉዳይ ከዚህም ይወሳሰባል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስድ ከሆነ፣ የመድኃኒቷ ሰዓት በቀን ኑሮ ልክ የተሰፋ ነው። ሌሊት ስትሠራና ቀን ስትተኛ ምሽት ላይ የተወጋችው ኢንሱሊን መብላት በማትችልበት ሥራ በበዛበት ሰዓት ላይ ይበረታል፤ ስኳሯ ዋርዱ መሃል ሊወርድ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ የሐሳብ መበታተኑን አጠገቧ ያሉት ድካም ብለው ያልፉታል፤ በዚያች ደቂቃ ደግሞ የሌላ ሰው መድኃኒት እየለካች ሊሆን ይችላል። ከሐኪሟ ጋር ለሥራ ሌሊትና ለዕረፍት ቀን የተለያየ መርሐ ግብር ማውጣት፣ ኪሷ ውስጥ ፈጣን ስኳር መያዝ፣ አብራት ለምታድር አንዲት ባልደረባ መንገር ያስፈልጋታል። ብዙዎቹ የሚደብቁት ከሌሊት ብነሳ የሌሊት አበሉ ይቀርብኛል፣ ወይም አቅም የላትም እባላለሁ ብለው ነው። ያው ስምምነት ቁጥር 171 በጤና ምክንያት ለሌሊት ሥራ ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ በተቻለ መጠን ብቁ ወደሚሆንበት ተመሳሳይ ሥራ እንዲዛወር ይጠይቃል። የሌሊት አበሉ ስለሚቀርበት ግን ምንም አይልም፤ ያ በየመሥሪያ ቤቱ ድርድር የሚፈታ ነው።